አርባ ስምንት የሰጠኋት ልጅ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን የምኖርበት ሕንፃ ውስጥ የሊፍቱን በር አሮጌ ቀለም በቲነር ሲያስለቅቁ ዋሉ። ሽታው ፎቁን ሁሉ ሞላው። ጎረቤቴ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ወጣችና «ራሴን አመመኝ፤ እስኪ ሱፐሩን ኮል አድርጊልኝ» አለችኝ፤ የሕንፃውን ተቆጣጣሪ ማለቷ ነው። እኔ ግን ቁልፌን እንደያዝኩ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ጡረታ ከወጣሁም ቆይቻለሁ። አፍንጫዬ ግን ጡረታ አልወጣም። ለሌላው ሰው ራስ ምታት የሚሆነው ሽታ ለእኔ የወጣትነቴ ሽታ ነው። ድሮ ይህ ሽታ በመጣ ቁጥር አብሮት አንድ ከባድ ነገር ደረቴ ላይ ይቀመጥ ነበር። ባለፈው ሳምንት አልተቀመጠም። ለምን እንዳልተቀመጠ ለመናገር ግን ትንሽ ከሩቅ መጀመር አለብኝ።

ኬሚስትሪ የተማርኩትም፣ መጀመሪያ ያስተማርኩትም አዲስ አበባ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ነው፤ ስሙን ልተወው። የእኛ ጊዜ ሱሪው ከታች የሰፋ፣ ፀጉሩ ወደ ላይ የቆመ፣ የጫማው ሶል እንደ ጡብ የወፈረ ነበር። ከኮሌጁ በር ወጣ ሲሉ ማዕዘኑ ላይ አንድ ሽማግሌ ሳምቡሳ ይሸጣሉ፤ በአስር ሳንቲም አንድ፣ በስሙኒ ሦስት። ከእሳቸው ፊት ለፊት ያለው ሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያውን ደጅ አውጥቶ ቀኑን ሙሉ አንዱን ዘፈን ይደጋግማል፤ እኛም ፎቅ ላይ መስኮቱን ከፍተን ብልቃጥ እያጠብን አብረን እናዜማለን። ብልቃጡን የምናጥበው በቤንዚን ነበር። የመኪናውን ማለቴ አይደለም፤ የላቦራቶሪውን፣ ዛሬ ተማሪ አጠገብ እንዲደርስ የማይፈቀደውን ማለቴ ነው። እጃችንንም እንታጠብበት ነበር። የጋውኔ እጅጌ በአሲድ ተበልቶ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ማዕረግ ነበር የማየው።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሽ ተፈራ ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክራባታቸውን ሸሚዛቸው ውስጥ ከተው የሚሠሩ ሰው ናቸው። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ተማሪ የሠራውን ዱቄት በማጣሪያ ወረቀት ይዞ ሲመጣ ሚዛን ላይ ያስቀምጡና «ስንት ወጣ?» ይላሉ። ብዙ ከወጣ ተማሪው ጎበዝ ነው፤ ትንሽ ከወጣ ሰነፍ ነው። ሌላ ጥያቄ የለም። አንድ ቀን ከሥራ የተረፈውን ፈሳሽ ሲንክ ውስጥ ስደፋ፣ «ጋሽ ተፈራ፣ ይሄ የት ነው የሚሄደው?» አልኳቸው። መስኮቱ ጋ ወሰዱኝ። ከታች ወንዙ ይታያል፤ ዳር ላይ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» አሉኝ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እሳቸውም የተማሩት እንዲያ ነበር። የእጃቸው ቆዳ ሁልጊዜ እንደተላጠ ነው፤ ኋላም ታመው ከሥራ ቀሩ። ምን እንዳመማቸው እንኳ ሳላውቅ ጊዜው ከፋና እኔም አገር ጥዬ ወጣሁ።

ከባለቤቴ ጋር ቶሮንቶ የደረስነው በጥር ነው። ዳንፎርዝ ላይ ከነበረ የልባሽ ልብስ ሱቅ በሰባት ዶላር አንድ ቡናማ ካፖርት ገዛሁ። ትከሻው ውስጥ ወፍራም ስፖንጅ ስለነበረው በር ላይ ከእኔ ቀድሞ የሚገባ ይመስል ነበር፤ ስንት ክረምት ለበስኩት። የባቡሩ ቶከን፣ ለመግቢያ የምንከፍላት ሳንቲም መሳይ፣ ያኔ ትንሽ፣ ቀላል፣ ከእጅ የምታመልጥ ነገር ነበረች፤ ጓንቴ ውስጥ አጥብቄ ይዣት ቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ ስደርስ መዳፌ ላይ ቅርጿ ይታተማል። ዛሬ ልጆቹ ስልካቸውን ነክተው ያልፋሉ፤ ምን እንደቀረባቸው አያውቁም፣ ብዙም አልቀረባቸውም። አራት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አጠብኩ። ከዚያ በከተማው ሰሜን ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የላብ ቴክኒሺያን ይፈልጋል የሚል ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ አየሁና አመለከትኩ። ጠያቂው ሰውዬ «የተረፈ ማሟሚያ ምን ታደርጊበታለሽ?» አለኝ። «ሲንክ ውስጥ እደፋዋለሁ» አልኩት፤ እውነቴን ነው። ሰውየው የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። እኔም መሳቅ እንዳለብኝ ገባኝና አብሬው ሳቅኩ። ሥራውን አገኘሁ።

እየዋለ እያደረ ከቴክኒሺያንነት ወደ ላብ አስተማሪነት አሳደጉኝ። ኮንትራቴ ግን በየዓመቱ የሚታደስ ነበር፤ በየግንቦቱ ፖስታ ሳጥኑን በፍርሃት ነበር የምከፍተው። ተማሪዎቹ ስሜን መጥራት አቅቷቸው «ሚስስ ቢ» ይሉኝ ጀመር፤ ብዙነሽ ከሚለው የተረፈችኝ አንድ ፊደል ናት። በዚያ ሰሞን ራጂኒ የምትባል ወጣት ፕሮፌሰር መጣች። ወላጆቿ ከስሪላንካ የመጡ፣ ፈጣን፣ ስትናገር በሁለት እጇ አየሩን የምትቆርጥ ሴት ነበረች። ግሪን ኬሚስትሪ የሚባል አዲስ ትምህርት ከፈተች። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ አንድን ነገር ስትሠራ መጀመሪያውኑ መርዝ እንዳትጠቀም፣ ቆሻሻ እንዳታበዛ አድርገህ ንደፈው እንጂ፣ ከበከልክ በኋላ ለማጽዳት አትሩጥ። የመጀመሪያ ቀን ትምህርቷን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ስሰማ ያ ወንዝ ፊቴ ድቅን አለ።

ማስተማሩ ደስ ይል ነበር። መመዘኑ ግን አስቸገረን። የመጀመሪያው ዓመት ፈተና የትምህርቱን መርሆዎች ዘርዝሩ የሚል ነበር፤ ተማሪዎቹ እንደ ጸሎት ሸምድደው ሁሉም ከዘጠና በላይ አመጡ። በማግስቱ ላብ ውስጥ አንዲት ብልቃጥ ለማጠብ አሲቶን ከሚባለው ማሟሚያ ግማሽ ጠርሙስ ሲያፈሱ አየኋቸው። ራጂኒ «እያወቁ አይደለም፤ እየደገሙ ነው» አለችና በሁለተኛው ዓመት ነገሩን ለወጠችው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የቆየ ሙከራ ይወስዳል፤ ያንን ሙከራ ራሱ አሻሽሎ፣ ሠርቶ፣ ያሳያል። የነጥብ አሰጣጡን ቅጽ እንዳዘጋጅ ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ ምን አደረግኩ? የድሮውን የላብ ቅጽ አወጣሁና ርዕሱን ብቻ ቀየርኩት። ለምርቱ ብዛት አርባ፣ ለንጽሕናው ሃያ፣ ለሪፖርቱ አቀራረብ ሃያ፣ በሰዓቱ ለመጨረስ ሃያ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር ልል እችላለሁ፤ ግን እውነቱ ሌላ መመዘኛ ሊኖር እንደሚችል አላሰብኩም። ጋሽ ተፈራ በእኔ በኩል አሁንም «ስንት ወጣ?» እያሉ ነበር።

ሳምራዊት የመጣችው በዚያ ዓመት ነው። ወላጆቿ የእኛ ሰዎች ናቸው፤ እሷ እዚሁ የተወለደች፣ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር ካሉት ሕንፃዎች ባንዱ የምትኖር ልጅ ነበረች። ሰፊ ሹራብ፣ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ የጆሮ ማዳመጫ፣ የተላጠ ጥቁር የጥፍር ቀለም። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ከክፍሉ ሐበሻ እሷ ብቻ ስለነበረች፣ አዳላች እንዳይሉኝ ብዬ እሷን ከሌላው የበለጠ እጫናት ነበር። ሌላው አምስት ደቂቃ ሲዘገይ አልፈዋለሁ፤ እሷን እጽፋለሁ። ይህን ያኔ ፍትሕ ብዬ ነበር የምጠራው።

የደረሳት ሙከራ ካፌይንን ከሻይ ቅጠል ማውጣት ነበር። ሻዩ ይፈላል፤ ከዚያ ዳይክሎሮሜቴን የሚባል ፈሳሽ ይጨመርበትና ካፌይኑን ከውሃው ነጥሎ ይወስዳል፤ ፈሳሹ ሲተን ነጭ ዱቄት ይቀራል። ፈሳሹ ሥራውን አሳምሮ ይሠራል፤ ለሚተነፍሰው ሰው ግን ጥሩ አይደለም። ሌሎቹ ተማሪዎች መጠኑን ትንሽ ቀነስ አድርገው «አሻሻልን» አሉ። ሳምራዊት ግን ጨርሳ ተወችው። ኢታይል አሲቴት የሚባለውን፣ ጉዳቱ የቀለለውን ተጠቀመች፤ የተጠቀመችበትንም አጣርታ መልሳ ጠርሙስ ውስጥ አስገባችው። ይህ ሁሉ ጊዜ ወሰደባት። በመጨረሻ ያመጣችልኝ ዱቄት የሌሎቹን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

«አነሰ እኮ፣ ሳምራዊት» አልኳት።

«አይ ኖው» አለች። «ግን ሚስስ ቢ፣ ሶልቨንቱን ሪከቨር አድርጌዋለሁ። ለምን እንዳነሰም ጽፌዋለሁ። ሦስት ገጽ ነው።»

«ሰዓቱም አልፏል።»

ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ ወጣች። በቅጹ መሠረት ደመርኩት፤ አርባ ስምንት መጣ። ማለፊያው ሃምሳ ነበር። ሁለት ነጥብ የምጨምርበት ቦታ ፈለግኩ፤ ለሌላ ተማሪ ቢሆን አገኝ ነበር። ለእሷ ግን ማግኘት አልፈለግኩም። ውጤቱን አስገባሁ።

ከሳምንት በኋላ የኬሚካል ቆሻሻ የሚወስደው መኪና ከመምጣቱ በፊት የተማሪዎቹን ጠርሙሶች መመዝገብ ነበረብኝ። እያንዳንዱ ተማሪ የተረፈውን የሚያጠራቅምበት፣ ስሙ የተለጠፈበት ጠርሙስ አለው። በረድፍ ተደርድረዋል፤ አንዱ እስከ አንገቱ ሞልቷል፣ ሌላው ሁለተኛ ጠርሙስ ጨምሯል። የሳምራዊትን ሳነሳው በጣም ስለቀለለኝ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ሥሩ ላይ ሁለት ጣት እንኳ የማይሞላ ፈሳሽ ነው ያለው። ጠርሙሱን እንደያዝኩ ቆምኩ። ከዚያ ቢሮ ገብቼ ደብተሯን አወጣሁና ሳላነበው የተውኩትን ሦስት ገጽ አነበብኩ። ለምን ምርቱ እንዳነሰ፣ በሚቀጥለው ምን ብታደርግ እንደሚሻል፣ ምን ያህል ቆሻሻ እንዳስቀረች፣ ያንንም እንዴት እንደመዘነች ጽፋለች። ልናስተምራቸው የፈለግነው ሁሉ እዚያ ነበር። እኔ ባዘጋጀሁት ቅጽ ላይ ግን ለእሱ አንድም ነጥብ አልተመደበለትም።

ኮንትራቴ የሚታደስበት ወር ነበር። ስህተት ሠርቻለሁ ብሎ ለአለቃ መናገር በዚያ ወር የሚመከር ነገር አይደለም። ባለቤቴ «ዝም በይው፤ ልጅቷ ቅሬታ ካቀረበች ያኔ ታስተካክያለሽ» አለኝ። ሁለት ቀን ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የራጂኒን በር አንኳኳሁ።

«ተሳስቻለሁ» አልኳት፤ ደብተሩንና ጠርሙሱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ።

ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ ተቀምጣ እንደገና አነበበችው። «የእሷን ብቻ ከከፈትን ትክክል አይሆንም» አለች። «የሁሉንም መክፈት አለብን።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።»

«አይተሽ ፈርሚ ተብዬ ሳላነብ የፈረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ» አለችኝ።

ሁለታችን አዲስ ቅጽ ጻፍን። ምን መረጠ፣ ለምን መረጠ፣ ምን አስቀረ፣ ያልሆነለትን በሐቅ ተናግሯል ወይ፤ የምርቱ ብዛት ከመቶ አሥራ አምስት ብቻ ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ ሁሉንም ደብተር እንደገና አረምን። የማንም ውጤት እንዳይወርድ ወሰንን፤ የብዙዎቹ ከፍ አለ። የሳምራዊት ሰባ አራት ሆነ። ኮንትራቴም ታደሰ፤ ፖስታውን አንብቤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ለሳምራዊት ኢሜይል ጻፍኩላት፦ ውጤትሽ ተስተካክሏል፣ ስህተቱ የእኔ ነበር፣ ይቅርታ። መልስ አልመጣም። በመስከረም ስም ዝርዝሩን ሳይ ስሟ የለም። መዝገብ ቤት ስጠይቅ «አቋርጣለች» ብቻ አሉኝ፤ ሌላ መናገር አይፈቀድላቸውም።

አንድ ቅዳሜ ማንም ሳያየኝ የፊንች አውቶቡስ ተሳፍሬ ሰፈሯ፣ ጄን ድረስ ሄድኩ። ያ ቡናማ ካፖርት ያኔ አልነበረም፤ በቅናሽ የተገዛ ሰማያዊ ጃኬት ነበር የለበስኩት። አውቶቡሱ ማዕዘኑ ላይ አወረደኝ። አራቱም አቅጣጫ ሕንፃ ነው፤ በየሕንፃው ስንት መቶ መስኮት። የቤት ቁጥሯን አላውቅ፣ የወላጆቿን ስም አላውቅ። የገበያ ማዕከሉ በር ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ቆሜ የሚያልፉትን ልጃገረዶች ፊት አየሁ። ከዚያ በመጣሁበት አውቶቡስ ተመለስኩ። ለባለቤቴም የት እንደዋልኩ አልነገርኩትም።

ከዚያ በኋላ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ በዚያ አዲስ ቅጽ ነው የመዘንነው፤ ተማሪዎቹ ይወዱት ነበር። ሰው ሲያመሰግነኝ ግን አንዲት ልጅ ከኬሚስትሪ አባርሬ ነው ይህን የተማርኩት እያልኩ በልቤ አስብ ነበር። ራጂኒ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ባለቤቴ አረፈ። እኔም ጡረታ ወጣሁ። ነገሩ ግን አልወጣልኝም፤ ሽታ ሲቀሰቅሰው ይነሳል፣ ደረቴ ላይ ይቀመጣል፣ ይሄዳል።

ዘንድሮ የልጅ ልጄ ሊዲያ መሃል ከተማ ባለ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ጀመረች። በመጋቢት አንድ ቀን «እማማ፣ የፕሮጀክት ቀን አለን፣ ፋሚሊ መምጣት ይችላል። ኬሚስትሪ ነው፤ ዩ ዊል ላይክ ኢት» አለችኝ። ሄድን። ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ተማሪዎቹ በየጠረጴዛው ሥራቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ሊዲያ ወደ ጓደኞቿ ስትሄድ እኔ በእርጋታ እየተዟዟርኩ ማየት ጀመርኩ። ግራጫ ጃኬት የለበሰች፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ጆሮ ግንዷ ላይ ሽበት ጣል ያደረገባት ሴት ከወዲያኛው ጥግ ስታየኝ ቆይታ ወደ እኔ መጣች።

«ሚስስ ቢ?» አለች። አላወቅኋትም። «ሳምራዊት ነኝ።»

አጠገቤ የነበረውን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከአፌ የወጣው «ደህና ነሽ?» የሚል ብቻ ነው።

«ደህና ነኝ። እርስዎ ደህና ነሽ?» አለች፤ አክብሮቱንና ቅርበቱን አንድ ላይ ቀላቅላ። ከፊቴ ቁጢጥ ብላ እጄን ያዘች። የሊዲያ አስተማሪ እሷ ነበረች።

ያን ሁሉ ዓመት ያጠናሁትን ንግግር ረሳሁት። «እኔ ነኝ ከትምህርት ያስወጣሁሽ ብዬ ነበር የማስበው» አልኳት።

«ኖ፣ ኖ» አለች። «አባቴ ኤድመንተን ሥራ ጀመረ፣ ከዛ እዛው ታመመ። ሁላችንም ሙቭ አደረግን። ኢሜይሉ ደርሶኛል። እዛ ያለው ዩኒቨርሲቲ ኮርሱን ትራንስፈር የሚያደርገው ከስልሳ በላይ ከሆነ ነው። በአርባ ስምንት አይቀበሉኝም ነበር። በሰባ አራቱ ነው የገባሁት።»

ይህን ሁለት ጊዜ እንድትደግምልኝ ጠየቅኋት። ደገመችልኝ።

«ታዲያ ለምን አልመለስሽልኝም?»

አንገቷን ደፋች። «አፍሬ። ያን ቀን ባስ ላይ ስለ እርስዎ በጣም መጥፎ ነገር ተናግሬያለሁ። ‹ሐበሻ ስለሆንኩ ነው የጣለችኝ› ብዬ ለጓደኛዬ ነገርኳት። ከዛ ያ ኢሜይል መጣ። ምን ብዬ እንደምጽፍ አላወቅኩም። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር።»

«አልተሳሳትሽም» አልኳት። «ሐበሻ ስለሆንሽ ነው የጠበቅኩብሽ። አዳላች እንዳይሉኝ ፈርቼ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ ውስጥ እንባ ነበረበት፤ ግን የሚከብድ እንባ አልነበረም። ሊዲያ ከሩቅ አየችንና ግራ ገብቷት ቆመች።

ከሚመዝኑት ሰዎች አንዱ ቀርቶባት ስለነበር ሳምራዊት ቅጽና እስክሪብቶ ሰጠችኝና የአንድ ጠረጴዛ ሥራ እንድመዝንላት ለመነችኝ። ሁለት ተማሪዎች ምግብ ከተጠበሰበት ዘይት ሳሙና ለመሥራት ሞክረው አልጠነከረላቸውም፤ እንደ ገንፎ ሆኖ ሳህን ላይ ተዘርግቷል። ለምን እንዳልሆነ ጠየቅኋቸው፤ አንዱ ሲጀምር ሌላዋ እያረመችው፣ የት ላይ እንደቸኮሉ አንድ በአንድ ነገሩኝ። በደንብ አዳመጥኳቸው። ነጥባቸውን ጻፍኩ፤ ጥሩ ነጥብ ነው። ሳምራዊት ስልክ ቁጥሯን ስልኬ ላይ ራሷ መዘገበችልኝ፤ ፋሲካን እኛ ቤት ልትመጣ ተቀጣጠርን።

ከሰዓት በኋላ ከሊዲያ ጋር ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ባቡር ያዝን። መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ፤ ሊዲያ ስለ ነጥቧ ስታወራ እሰማታለሁ፣ ከዚያ አልሰማኋትም። ስነቃ ባቡሩ ቆሟል፤ ሰው ሁሉ ወርዷል። ከቪክቶሪያ ፓርክ አልፈን መጨረሻው ጣቢያ፣ ኬኔዲ ደርሰናል።

«ለምን አልቀሰቀስሽኝም?» አልኳት።

«እንደዚህ ስትተኚ አይቼ አላውቅም» አለችኝ።

ባቡሩ ከዚያው ስለሚመለስ ከወንበራችን አልተነሳንም። ወደ ቤት ሁለት ፌርማታ ብቻ ነው የቀረን፤ አልቸኮልንም።